ሰበቡ ያልተጻፈው ጭረት

የጋሽ ላምቤቦን ማረፍ የሰማሁት አንዲት ሙሽራ ሂናዋ እስኪደርቅ እጇን ዘርግታ፣ እኔም ሌንሴን እጇ ላይ ደቅኜ ሳለሁ ነው። ስልኬ ደጋግሞ ሲጮህ የሙሽራዋ አክስት ተቆጣች። «ኧረ ማሎ፣ ወይ አንሺው ወይ አጥፊው!» አነሳሁት። የጋሽ ላምቤቦ ባለቤት እትዬ አልማዝ ናቸው።

«ሙኒራ፣ አባትሽ ሄደ» አሉኝ።

አባቴ አይደሉም። እሳቸው ከሆሳዕና በኩል የመጡ ጴንጤ ናቸው፣ እኔ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ የሙስሊም ልጅ ነኝ። ግን የትኛው አባቴ ብዬ አልጠየቅኩም። ኢናሊላሂ ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነስቼ ሥራዬን ጨረስኩ፣ ምክንያቱም ሙሽራን አስቁሞ ማልቀስ እሳቸው ራሳቸው የማይወዱት ነገር ነው።

ያን ቀን በእጄ የነበረው ሌንስ የፊት መስታወቱ ላይ አንድ ጭረት አለው። የሽፋሽፍት ፀጉር ያህላል፣ ጎበጥ ያለ ነው። ፎቶ ላይ አይታይም። ያንን ጭረት ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስማቸው የጠፋው ግን ጋሽ ላምቤቦ ናቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ምላሷ ረጅም ነው እየተባልኩ ያደግሁ ሴት፣ በዚህ ነገር ላይ ብቻ አፌ ተሰፋ።

ከሳቸው ጋር የሠራነው ጊንጆ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን ነው። በፊት ለፊቱ እኔ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ እሳቸው ካሜራና ሌንስ ይጠግናሉ። ረጅም ናቸው፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ። በወጣትነታቸው እዚህ የመጡት የቡና ጆንያ ለመሸከም ነበር። ከዚያ ቡና ማበጠሪያ ገቡ፣ ከዚያ ሬዲዮ መጠገን ለመዱ፣ ከሬዲዮ ወደ ካሜራ ተሻገሩ። ማንም አላስተማራቸውም። ሌንስ ፈተው፣ እያንዳንዱን መስታወት በነጭ ወረቀት ላይ በተራ ደርድረው፣ ከአንገታቸው ቀና ሳይሉ መዝሙር ያፏጫሉ። እኔ ደንበኛ ፊት ሲያፏጩ እናደዳለሁ። «ጋሽ ላምቤቦ፣ ኧረ ሰው አለ!» ስል «እሱም ይስማ» ይሉኛል።

ሥራቸውን ሲያስረዱ ሁልጊዜ ቡና ማበጠሪያ ይመለሳሉ። ቡና ውስጥ ዓይን የሚያየው ግን ምላስ የማያገኘው ጉድለት አለ ይላሉ፤ ዓይን የማያየው ሆኖ ስኒ ሙሉ የሚያበላሽም አለ። ሌንስም እንደዚያው ነው። ሰው ጭረት አይቶ ይደነግጣል፣ ጭጋግ ይዞት ግን ዓመት ይሠራበታል።

ጭረት ያለበት ሌንስ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ለሚመጣ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «አንተ ነህ ያየኸው፣ ወይስ ፎቶው አይቶታል?»

እኔንም መጀመሪያ የያዙኝ በዚህ ነው። አንድ ቀን ሌንሴ ላይ ነጥብ የምታህል ስንጥቅ አይቼ ሥራ ላቆም ስል፣ ከጋዜጣ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ወረቀት ቀደዱና በምራቃቸው አርሰው መስታወቱ መሃል ላይ ለጠፏት። «ነይ ቁሚ» አሉኝ። በገዛ ካሜራዬ አነሱኝ። ፎቶውን ባየው ባየው ወረቀቱ የለም። አፍንጫዬ አለ፣ የተቆጣ ፊቴ አለ፣ ወረቀት የለም።

«የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ለዓይኑ በጣም ስለቀረበ አያየውም። አንቺ አፍንጫሽን ታይዋለሽ?»

ቀጥለው መስኮቱ ከኋላዬ እንዲሆን አዞሩኝ። አሁን ፎቶው ላይ ነጭ ነገር እንደ ስስ ነጠላ ተጋርዶ ወጣ። በመጨረሻ ወረቀቱን አንስተው፣ መስታወቱን በደንብ ጠርገው፣ እፍ አሉበት። እንፋሎቱ ሳይለቅ አነሱኝ። ፊቴ ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ጥቁሩ ሻርፕ አመድ ሆኗል።

«አየሽ» አሉ። «አንዱ ጉድለት በአንድ ቦታ ነው፤ ብርሃን ፊት ለፊት ካልመታው ምንም አያደርግሽም። እንደዚህ ሁሉን ስስ አድርጎ የሸፈነው ነው ፎቶ የሚገድለው። እና ደግሞ የኋላውን መስታወት ጠብቂ። የፊቱ ይምራል፣ የኋላው አይምርም።»

የዚህ አገር ሰው ካሜራ የሚያበላሸው በፍቅር ነው ይሉ ነበር፣ እውነታቸውን ነው። ጅማ ዝናቡ ክረምት በጋ አይልም። ሰው ካሜራውን ስለሚወድ በፌስታል ይጠቀልለዋል፣ በቆዳ ቦርሳ ይከተዋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። እርጥበቱ አብሮ ተቆልፎ ይከርማል። መስከረም ላይ ሲከፍተው መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ፈንገስ በቅሎ ያገኘዋል። የማይወደውና ጠረጴዛ ላይ የሚጥለው ሰው ካሜራ ደግሞ ደህና ሆኖ ይገኛል። ጋሽ ላምቤቦ ከጣውላ የሠሩት ቁምሣጥን ነበራቸው፤ ውስጡ ትንሽ አምፖል ሁልጊዜ ይበራል፣ ሌንሶቹ በዚያ ሙቀት ደርቀው ይቀመጣሉ። «ያንቺንም እዚህ አሳድሪው» ብለው ስንት ጊዜ ነገሩኝ። እኔ ግን የሱቃችንን በር አላምነውም። ቤቴ ወስጄ ቆለፍኩበት። በፌስታል ጠቅልዬ!

ሌላው ፍቅር መወልወል ነው። በሸሚዝ ጫፍ፣ በክራባት፣ በጋቢ ጫፍ። «አቧራ ምንም አይልሽም» ይሉ ነበር፤ «አቧራውን ስትፈገፍጊው ነው አሸዋው መስታወት የሚያርሰው።» የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ የምትመስል የጎማ መንፊያ ነበረቻቸው። መጀመሪያ በእሷ ይነፋሉ፣ ከዚያ በላባ፣ ከዚያ ብቻ በንጹሕ ጨርቅ። ደንበኛ ፊታቸው ቆሞ መነጽሩን በሸሚዙ ከጠረገ ይጮኹበት ነበር። የገዛ መነጽሩን! «በሸሚዝ አይጠረግም!» ከዚህ በቀር ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ።

ማንኛውም ሌንስ ሲመጣላቸው፣ ሳይነኩት፣ በደብተራቸው ላይ በስኒ ክብ ያሰምራሉ። ክቡ ሌንሱ ነው። ያለበትን ጭረት፣ ነጥብ፣ ፈንገስ ሁሉ በየቦታው በእርሳስ ይስሉበታል፣ ልክ የገበሬ ማሳ ካርታ እንደሚሳለው። ከሥሩ ሦስት መስመር አለ። ባለቤት፣ ሠሪ፣ ሰበብ። ሌንሱ ሲመለስ ባለቤቱ ይፈርማል፣ እሳቸው ይፈርማሉ። ሰበብ የሚለው ላይ እያንዳንዱ ጭረት ከምን እንደመጣ ይጻፋል፦ «ጥፍር»፣ «የሙሽራ ቀለበት»፣ «አሸዋና ክራባት»፣ «ልጅ በምስማር»። ሰበቡን ካላወቁ ባለቤቱን ቁጭ አድርገው ያወጣጡታል። ለምን እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው «ሰበቡን ያላወቀ ሰው ነገም ያንኑ ያደርጋል» አሉኝ። ሰበቡ ሳይሞላ የሚዘጉት ገጽ የለም።

ከሚጠግኑት ሌንስ አብዛኛው የሚመጣው ከኮሌጅ መምህራንና ተማሪዎች ነበር። ከነዚያ አንዱ መምህር ዳዊት ነው፣ ከሌላ አገር ለማስተማር የመጣ፣ ወፍና አበባ የሚያነሳ ጨዋ ሰው። አንድ ጊዜ ውድ ሌንሱን ምስል የሚያጠራው ቀለበት አልዞር አለኝ ብሎ ሰጣቸው። ጋሽ ላምቤቦ ክቡን ሳሉ። ክቡ ውስጥ ምንም አልነበረም፣ እንከን የለሽ ሌንስ ነው። ጠግነው ጨረሱና አምፖሉ ሥር አስቀመጡት።

በዚያው ሳምንት እኔ አሰንዳቦ ሰርግ ነበረኝ። ገና መጀመሬ ነው። በኛ ሰርግ የሴቶቹ ክፍል ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፤ ስለዚህ ሴት ፎቶ አንሺ መሆኔ እንጀራዬ ነው፣ አንድ ሰርግ ካበላሸሁ ግን ወሬው ከአሰንዳቦ ጅማ ከኔ ቀድሞ ይገባል። ጠዋት ቁም ሣጥኔን ከፍቼ ሌንሴን ሳወጣ መሃሉ በሙሉ ድር ሆኗል። ፈንገስ በልቶታል። እንደነገሩኝ።

ሱቅ ስገባ ጋሽ ላምቤቦ ጸሎት ቤት ሄደዋል። የቁምሣጥኑ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። የመምህሩን ሌንስ አወጣሁ፣ ከካሜራዬ ጋር ይገጥማል። ለአንድ ቀን ብቻ፣ አልኩ ለራሴ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለሳል።

አሰንዳቦ ዋናው መንገድ ዳር ናት። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ግቢ ድረስ ይገባል። ሙሽራዋ ስትወጣ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ መስታወቱ ላይ አቧራ አየሁ። መንፊያ አልያዝኩም። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወዋል፣ አቧራ አይታይማ፣ ወረቀት እንኳ አልታየ! ግን የሰው ዕቃ ነው፣ ንጹሕ ሆኖ ይመለስ ብዬ፣ በጥንቃቄ፣ በሻርፔ ጫፍ ጠረግሁት። ያው ነው። በፍቅር። መስታወቱ ሲጫር ድምፁን የሰማሁት ይመስለኛል።

መልሼ አስቀመጥኩት።

መምህር ዳዊት ሊወስድ የመጣ ቀን እኔ ከመጋረጃው በዚህ በኩል የአንድ ተማሪ ጉርድ ፎቶ እየቆረጥኩ ነበር። ጋሽ ላምቤቦ ከማስረከባቸው በፊት እንደልማዳቸው ሌንሱን ከደብተሩ ጋር ሲያስተያዩ ፉጨታቸው ቆመ።  ከዚያ ሲናገሩ ሰማሁ።

«መምህር፣ እዚህ ጭረት አለ። ሲመጣ አልነበረበትም። እኔ ጋ እያለ ነው የመጣበት፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው።»

«ምን ነክቶት?»

«እሱን አላየሁም።»

«አላየሁም? ሁሉን እጽፋለሁ የሚሉት እርስዎ አይደሉ?»

መቀሱ እጄ ላይ ቀረ። መጋረጃውን ገልጬ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ፣ ሁለት ቃል ነው። አላልኩም። የሰው ሌንስ ሰርቃ ሰርግ ታነሳለች ከተባልኩ ማን ቤቱ ያስገባኛል? ይህንን ነው ያሰብኩት፣ አልዋሽም።

መምህሩ ተናዶ ደብተሩ ላይ አልፈርምም አለ። ጋሽ ላምቤቦ የራሳቸውን ሌንስ፣ የጸሎት ቤት ሰርግና ጥምቀት የሚያነሱበትን፣ ከቁምሣጥኑ አውጥተው ሰጡት። የተጫረውን አስቀሩ። ሰውዬው ሌንስ በሌንስ ቢካስም አፉ አላረፈም። ለላምቤቦ ዕቃ አትስጡ፣ ይቧጭራሉ፣ እያለ ኮሌጁን አዳረሰው።

ያን ቀን ምን እንዳልኳቸው ታምናላችሁ? ተቆጣሁ። እኔ! «ጭረቱ ፎቶ ላይ እንኳ አይታይም፣ ራስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?»

«ለፎቶ ነው አይታይም ያልኩሽ» አሉ። «ሰውዬው የሰጠኝ ግን ፎቶ አይደለም፣ ሌንስ ነው።»

ከዚያ በኋላ ከኮሌጅ የሚመጣ ሰው ቀረ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛቸው ላይ ባትሪና ሬዲዮ ብቻ ይታይ ጀመር። መዝሙሩን ማፏጨት አልተዉም፣ እኔም ደንበኛ አለ ብዬ መቆጣት ተውኩ፤ ደንበኛ የለማ። እኔ በበኩሌ በተከራየሁት ሌንስ ሥራ በሥራ ሆንኩ፣ የአሰንዳቦው ሰርግ ፎቶ ያማረ ነው ተብሎ ከአጋሮ ሁሉ ይጠሩኝ ነበር። ጠዋት ስንገናኝ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

አንድ ጠዋት ጠሩኝ። የተጫረውን ሌንስ ጠረጴዛው ላይ አድርገውታል።

«ያንቺን ፈንገስ በልቶታል። ይህን ያዢ። ጥሩ ሌንስ ነው። መስኮት ፊት ለፊት ሲመጣብሽ በግራ እጅሽ ጥላ አድርጊበት፣ ሌላ ጣጣ የለውም።»

ሌንሱን ስቀበል ሁሉን ልናገር ቆረጥኩ። «ጋሽ ላምቤቦ፣ አንድ ነገር...» አልኩ።

ወዲያው እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። ደብተሩን ሳቡ፣ ገጽ ገለጡ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ። ጠበቁ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

«እሺ» አሉና እርሳሱን መልሰው ጆሯቸው ላይ ሰኩት።

ያ እርሳስ ስንት ጊዜ በሕልሜ መጥቷል! ያኔ ግን ገባኝ ብዬ አላሰብኩም፤ ሌላ ሥራ ሊጽፉ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን ሲፈልግ ጎበዝ ነው።

በዚያ ሌንስ ሰባት ዓመት ሠራሁ። የሰፈራችን ሙሽሮች ሁሉ በእሱ ነው የተነሱት። መስኮት ሲመጣብኝ ግራ እጄን አነሳለሁ፤ ልጃገረዶቹ ‹የሙኒራ ስታይል› ይሉታል፣ እየሳቁ ያስመስሉኛል። ስታይል አይደለም። አንድ ጊዜ እጄን ከረሳሁ ነጩ መጋረጃ ሙሽራዋ ፊት ላይ ይወድቃል፣ እኔም አሰንዳቦን አያለሁ።

ባለፈው ክረምት ኩላሊታቸውን ታመው ከቤት ዋሉ። ቦሳ አዲስ ሰፈር ቤታቸው ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከስተዋል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ሌንሱ ጭጋግ አልያዘም?»

«አልያዘም። አምፖል ሥር ነው የማሳድረው።»

«ጭረቱስ?»

«አለ።»

«አለ» አሉ እሳቸውም፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እትዬ አልማዝ ሾርባ ይዘው ገቡና ወጣሁ። በሚቀጥለው ስመጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። የሚቀጥለው ግን የለቅሶው ድንኳን ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሞልቷል። የጸሎት ቤቱ ሰዎች ዘምረው ጨርሰዋል፣ ጎረቤት ተቀምጧል፣ እኔም የሻርፔን ጫፍ እያሻሸሁ ከሴቶቹ ጋር አለሁ። ከፊቴ ባለው ረድፍ መምህር ዳዊት ተቀምጧል። ሸብቷል፣ መነጽር አድርጓል። አጠገቡ ላለው ሰው ሲያወራ ሰማሁት።

«ደግ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንዴ ብቻ እጃቸው ስቶ ሌንሴን ጭረውብኛል። ግን አልሸሸጉኝም።»

በክፋት አይደለም ያለው። ግን ድንኳን ውስጥ፣ በሦስተኛ ቀናቸው፣ አሁንም «ጭረውብኛል» ነው።

ያኔ እትዬ አልማዝ አጠገቤ ቁጭ አሉ። ነጠላቸው ሥር ደብተሩን ይዘዋል። «ለሙኒራ ስጫት ብሏል» አሉኝ። «አንድ ያላለቀ ሥራ አለ፣ እሷ ትጨርሰው አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።»

እርሳሷ አንድ ገጽ መሃል ገብታለች። ከፈትኩት። የመምህር ዳዊት ሌንስ ነው። ሁለት ክብ አለ። አንዱ ባዶ፣ ሌላው ውስጥ ጎበጥ ያለች ጭረት፣ የሽፋሽፍት ፀጉር የምታህል። ሠሪ በሚለው ላይ ፈርመዋል። ባለቤት የሚለው ባዶ ነው። ሰበብ የሚለውም ባዶ ነው፤ ግን መስመሩን ከሌላው ገጽ ሁሉ አስረዝመው ስበውታል፣ ሰው ረጅም ነገር ቢጽፍበት እንዲበቃው።

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን። ያ ሁሉ ደንበኛ ሲሸሻቸው፣ ራሴው እንድናገር ቦታ ትተው ጠብቀውኛል።

ተነስቼ ቆምኩ። «መምህር ዳዊት» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሏል፣ ድንኳኑ ዞሮ አየኝ። «ያንን ሌንስ የጫርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው በሌሉበት ሰርቄ አሰንዳቦ ሰርግ ወሰድኩት፣ በሻርፔ ጠረግሁት። እሳቸው እጃቸው አልሳተም። ወላሂ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።»

 መምህሩ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«ስምንት ዓመት» አለ። «እኔ እኮ ለእሳቸው ዕቃ አትስጡ እያልኩ ስንት ሰው...»

«አውቃለሁ። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰምቼዎታለሁ።»

ቁጭ ብዬ በእርሳሷ ጻፍኩ። ሰበብ፦ የሙኒራ ሻርፕ፣ የአሰንዳቦ አቧራ፣ ሳያስፈቅዱ መውሰድ፣ ዝም ማለት። መስመሩ በቃኝ። ደብተሩን አቀበልኩት። አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ባለቤት በሚለው ላይ ፈረመ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«በሸሚዝ አይጠረግም!» ብዬ ጮኽኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። ልክ እንደሳቸው ነው የወጣው፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ቁጣ። መምህሩ ደንግጦ ሸሚዙን ለቀቀ። እትዬ አልማዝ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፣ እኔም ያኔ ነው ማልቀስ የቻልኩት።